ሙሪ ላይ ያደሩት መኪኖች

በ2014 ዓ.ም. ገና የዋለው ዓርብ ነው። ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ቡናው ተፈልቶ የዋለበት ቀን። በዚያው ዕለት ማታ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2022፣ ፓኪስታን ውስጥ ሙሪ በምትባል የተራራ ከተማ ዙሪያ ብዙ መኪኖች በረዶ ውስጥ ቆሙ። ተሳፋሪዎቹ በረዶ ለማየት የመጡ ቤተሰቦችና ጓደኛሞች ናቸው። ሲነጋ 22 ሰዎች እዚያው ሞተው ተገኙ። 10ሩ ልጆች ነበሩ።

ያን ሰሞን እኛ ቨርጂኒያ ያለን ሰዎችም የምናወራው ስለ በረዶ ነበር። ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። የሙሪን ዜና ሳነብ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው የሞቱበት ሁኔታ ነው። ገደል አልገቡም። ናዳ አልወረደባቸውም። መኪናም አልተጋጨም። በር ዘግተው፣ ማሞቂያ ከፍተው፣ መንገዱ እስኪከፈት እየጠበቁ ነው የሞቱት። እኛም ብንሆን የምናደርገው ያንኑ ነበር። ለዚህ ነው ጉዳዩን ከሥሩ ልከታተለው የወሰንኩት።

ከፍታዋ የአዲስ አበባ ያህል ነው

ሙሪ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ በጥር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሙሪ ላይ መኪና በበረዶ የሚቀበረው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ካርታው ላይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሙሪ 34 ዲግሪ አካባቢ ናት። በቅዝቃዜው ወራት ከሜዲትራኒያን አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ እርጥብ አየር አለ። ረጅም መንገድ ተጉዞ የሂማላያ ግርጌ ተራሮች ጋ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያዘለውን ያራግፋል። ሙሪ የተቀመጠችው እዚያው ማራገፊያው ላይ ነው።

ከተማዋን የቆረቆሯት እንግሊዞች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ወታደሮቻቸው ከሜዳው ሙቀት እንዲያርፉባት ብለው ነው። ዛሬ ከዋና ከተማዋ ከኢስላማባድ በመኪና ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ቅርበቷ ነው ችግሩም። ላሆርና ፋይሳላባድ ያለ ሰው በረዶ በደጁ አያይም። ሙሪ ጣለ ሲባል ቤተሰቡን ጭኖ ይወጣል። መንገዱ ደግሞ በጥድ ደን ውስጥ የሚጠማዘዝ የተራራ መንገድ ነው። ከሸኖ ተነሥታችሁ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ያለውን ጥምዝ አስቡት። እሱን በበረዶ ሸፍኑት። ከዚያ የበዓል ሰሞን መኪና ሙሉበት።

እዚህ ላይ ስለ ቃላችን አንድ ነገር ልበል። አማርኛችን እንደ ጠጠር የሚወርደውንም በረዶ ይለዋል፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም በረዶ ይለዋል፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውንም በረዶ ይለዋል። አመዳይ የሚል ቃል አለን፣ ግን በአፉ የሚናገረው ሰው ጥቂት ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል። ለአጭር ጊዜ ያንኮሻኩሽና ያበቃል። ያኛው ግን ድምፅ የለውም። ሰው ሳይነቃ እስከ ወገብ ይሞላል። አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን ይህ አልገባኝም ነበር። ማታ ያቆምኩትን መኪና ጠዋት ፈልጌ ያጣሁበት ቀን ነው የገባኝ።

የተነገረ በረዶ

የፓኪስታን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ያወጣው ጃንዋሪ 5 ነው። ከጃንዋሪ 6 እስከ 9 ድረስ ሙሪና አካባቢዋ ላይ ከባድ በረዶ ሊጥል እንደሚችል፣ መንገድም ሊዘጋ እንደሚችል ተናግሯል። ስለዚህ በረዶው ድንገተኛ አልነበረም። ቀኑም ቦታውም ተነግሯል።

ሰው ግን ማስጠንቀቂያውን የሰማው እንደ ግብዣ ነው። ከባድ በረዶ ሊጥል ነው ሲባል፣ ሊያየው የሚፈልገው ነገር ሊመጣ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሳምንቱ መጨረሻ ነው። በእነዚያ ቀናት ከ100,000 በላይ መኪና ወደ ሙሪ እንደገባ ተነገረ። የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ፋዋድ ቻውድሪም ይህንኑ ቁጥር ጠቅሰው፣ የሕዝቡ ኑሮ መሻሻሉን የሚያሳይ ነው ብለው በደስታ ጽፈው ነበር። የከተማዋ መኪና ማቆሚያ የሚችለው ግን ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። የተረፈው መኪና የሚቆመው መንገድ ዳር ነው። መንገድ ዳር ቆመ ማለት ደግሞ መንገዱ ጠበበ ማለት ነው።

እኔ ሰዎቹን አልወቅስም። ልጁ በረዶ አሳየኝ ያለው አባት ስንት ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ስንቱ ውሸት ሆኖ አግኝቷል። ትንበያ የሚሰማ ሰው የሚፈልገው የሆነ ሰው ቆሞ «ከዚህ በኋላ አይታለፍም» እንዲለው ነው። ያ ሰው ኬላው ላይ በጊዜ አልቆመም። መንገዱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ተራራው ከሞላ በኋላ ነው። በማስጠንቀቂያውና በመዝጊያው መካከል ያለፉት ሰዓታት ናቸው የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር።

ሌሊቱ

ዓርብ ማታ በረዶው በረታ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ከ4 ጫማ በላይ ማለትም 1.2 ሜትር ገደማ ጣለ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ደረሰ። ከበረዶው ጋር ነፋስ ነበረ። በረዶው የከበዳቸው ዛፎች እየተገነደሱ መንገዱ ላይ ወደቁ። በዚህም በዚያም መንገዱ ተቆረጠ።

የተራራ መንገድ እንዴት እንደሚዘጋ ካላወቅን ይህን ሌሊት መረዳት አይቻልም። መጀመሪያ አንድ መኪና ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ጎማው ላይ ሰንሰለት የለውም፣ ምክንያቱም ባለቤቱ የሚኖረው በረዶ በሌለበት ከተማ ነው። ይቆማል። ከኋላው ያለው ላለመግጨት ይቆማል። ዳገት ላይ አንዴ የቆመ መኪና በረዶ ላይ ተመልሶ መነሣት አይችልም። ሦስተኛው ሹፌር ትዕግሥት ያጣና ከፊት ለሚመጣ መኪና የተተወውን ባዶ መሥመር ይይዛል። ሌሎች ይከተሉታል። አሁን ከላይ የሚወርድ መኪና መምጫ የለውም። ሁለቱም መሥመር ሞላ። ከዚህ በኋላ የበረዶ መጥረጊያ ቢመጣ እንኳ የሚገባበት የለም። ለመጥረግ መኪኖቹ መነሣት አለባቸው፣ ለመነሣት ደግሞ በረዶው መጠረግ አለበት። ቋጠሮው እንዲህ ከጠበቀ በኋላ በእጅ ካልሆነ በቀር አይፈታም።

ሙሪ ላይ የሆነው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሞተው ከከተማዋ ወደ ኩልዳናና ወደ ባሪያን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከሟቾቹ አንዱ የኢስላማባድ ፖሊስ ባልደረባ ነበር። ከሰባት ዘመዶቹ ጋር በአንድ መኪና ነበሩ፣ አብዛኞቹ ልጆች። እርዳታ እየለመነ ለዘመዱ በስልክ መልእክት ሲልክ ነበር። ስምንቱም አልተረፉም። ከማርዳን ከተማ የመጡ አራት ወጣት ጓደኛሞችም በአንድ መኪና ሞቱ። በረዶው ላይ የተነሡት ፎቶ አገር ምድሩን አዳረሰው።

የፖሊሱ ነገር ነው ደጋግሞ የሚያሳስበኝ። የመንግሥት ሰው ነው። ማን ጋ መደወል እንዳለበት ያውቃል። ስልኩ ይሠራል፣ ሰው ያነሣለታል። ግን በዚያ ሰዓት በስልክ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሊረዳው የሚችለው ውሳኔ መወሰን የነበረበት ከሰዓታት በፊት፣ ከተራራው ግርጌ ነው።

ከሰል እንደማንደድ ነው

መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ በቅዝቃዜ ደርቀው ሞቱ ነው የተባለው። ቅዝቃዜው ድርሻ ነበረው። በኋላ ግን ዋነኛው ምክንያት ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሆነ ተነገረ። ይህን ጋዝ እኛ ሌላ ሰው ሊያስተምረን አይገባም። በየክረምቱ አገር ቤት የምንሰማው ዜና ነው። ብርድ ነው ብለው በር ዘጉ፣ ከሰል ምድጃውን አስገቡ፣ ተኙ፣ አልነቁም። ሙሪ ላይ የሆነው ያው ነው። ምድጃው ሞተር ሆነ፣ ክፍሉ መኪና ሆነ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል የሚወጣው ጭስ በማርሚታው አድርጎ በመኪናው ኋላ ይወጣል። የማርሚታው አፍ ከመሬት ከፍታው ከጉልበት በታች ነው። በረዶ ከዚያ በላይ ሲሞላ ይደፈናል። ጭሱ ከመኪናው ሥር ይታመቃል። መኪናው ዙሪያውን በበረዶ ታጥሯልና የሚበተንበት የለም። ከወለሉ በታች ባሉ ክፍተቶችና ማሞቂያው አየር በሚስብበት በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ሌላው ጭስ ቢሸትም ገዳዩ አይሸትም።

ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ደግሞ ክፉ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው የደማችን ክፍል ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ጥቂቱ ይበቃል። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም። ከዚያ እንቅልፍ። ደክሞት፣ በርዶት፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ለዋለ ሰው እንቅልፍ የሚጠራጠሩት ነገር አይደለም። ልጆቹ ሲተኙ እናት ደስ ይላታል እንጂ አትደነግጥም። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ደግሞ ጋዙ እነሱን ይቀድማል። ከ22ቱ 10ሩ ልጆች መሆናቸውን ሳስብ ይህ ይመጣብኛል።

ይህ እንዲሆን ተራራም የመንገድ መዘጋትም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፓሴይክ በምትባል ከተማ አንድ አባት ከመኪናው ዙሪያ በረዶ በአካፋ ሲዝቅ፣ ሚስቱና ልጆቹ እንዲሞቃቸው ብሎ ሞተር አስነሥቶ ውስጥ አስቀመጣቸው። ማርሚታው በረዶ ውስጥ ነበር። እናትና የአንድ ዓመት ልጇ እዚያው ሞቱ። ሴት ልጃቸውም በኋላ ሐኪም ቤት አረፈች። አባትየው ከእነሱ የነበረው ርቀት የአካፋ እጀታ ያህል ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ሹፌር እንዳይኖር እፈልጋለሁ። ከመኪናው ዙሪያ በረዶ ስታነሡ መጀመሪያ የሚጠረገው ማርሚታው ነው። መስታወቱ ኋላ ይደርሳል። ማርሚታው ሳይጠረግ ሞተር አይነሣም።

የዚያው ሳምንት ሌላ መንገድ

አሁን ቨርጂኒያን ላንሣ። ከሙሪ ሌሊት አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2022፣ እኛ ጋ ከባድ በረዶ ጣለ። ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ሀይዌይ 95 ላይ የጭነት መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘጉ። ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ቆመ። ብዙ ሰው ከ24 ሰዓት በላይ መኪናው ውስጥ ቆየ። ሴናተር ቲም ኬይን ወደ ዋሽንግተን ለመምጣት ሁለት ሰዓት ሊፈጅባቸው የሚገባው መንገድ 27 ሰዓት ወሰደባቸው። አሌክሳንድሪያና አካባቢው ላለን ሐበሾች ይህ መንገድ የምንመላለስበት ነው። ስልኬ ያን ቀን አላረፈም። እገሌ ደርሷል ወይ፣ እገሊት የት ደረሰች።

እዚያ ግን ማንም አልሞተም። ለምን? አሜሪካ ስለሆነ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እውነቱን ለመናገር ዝግጅቱ እዚህም ጎድሎ ነበር። በረዶው በዝናብ ስለጀመረ መንገዱ ላይ አስቀድሞ ጨው አልተረጨም። ዝናቡ ያጥበዋል ተብሎ ነው። ከዚያ በረዶው ከጠራጊዎቹ አቅም በላይ ፈጠነ። መንገዱም የተዘጋው ሰው ከተያዘበት በኋላ ነው። ስህተቱ የሙሪው ወንድም ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በረዶው ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ እስከ 14 ኢንች፣ ማለትም 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሙሪው ሲሦ ቢሆን ነው። ስለዚህ መኪኖቹ አልተቀበሩም። ሰውም ከመኪናው ወጥቶ እርስ በርስ መጠያየቅ ችሏል። እዚያው የተያዙ ባልና ሚስት አጠገባቸው የቆመ የዳቦ ጭነት መኪና አይተው ለዳቦ ኩባንያው ደወሉ፣ የኩባንያው ባለቤት ፈቅዶም ለተያዙት ሰዎች ዳቦ ታደለ። ሴናተሩንም ከፍሎሪዳ ሲመለስ የነበረ ቤተሰብ ብርቱካን ሰጥቷቸዋል። እኔ ይህን እንደ ጣፋጭ ወሬ ብቻ አላየውም። የመኪናህን መስታወት የሚያንኳኳ ሰው ካለ ራስህን ስተህ መሆኑን የሚያይ ሰው አለ ማለት ነው። ሙሪ ላይ ነፋሱና ጥልቀቱ ሰዉን በየመኪናው ቆለፈው። ማንም ማንንም ማንኳኳት አልቻለም።

ተራራ ላይ ከዚህ የተሻለ አሠራር አለ። ዴንቨር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ሀይዌይ 70 የሮኪ ተራሮችን ሲያቋርጥ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል። በተራራው ክፍል ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ የመኪናችሁ ጎማ ለበረዶ የሚሆን መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ እንደ ባቡር ማቋረጫ ያለ መዝጊያ አለ። አደጋ ሲመጣ ይወርዳል፣ መኪናው ከታች ይቆማል። የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህ መዝጊያ ሲወርድባቸው ይበሳጫሉ። ሰዓታቸው ይሄዳል፣ ጭነታቸው ይዘገያል። ብስጭታቸው ይገባኛል። ግን ከመዝጊያው በታች ቆሞ ቡና እየጠጡ መበሳጨት ይቻላል።

ሲነጋ

ቅዳሜ ጠዋት ሙሪ ያለችበት የፑንጃብ ክፍለ ሀገር መንግሥት ከተማዋን የአደጋ ቀጠና ብሎ አወጀ። ጦሩ መጣ። ወታደሮቹ በረዶውን እየዛቁ መኪና ለመኪና ሄዱ። በአካባቢው ያሉ ወታደራዊ ትምህርት ቤቶች ለተፈናቃዮቹ መጠለያ ሆኑ። ያኔም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኢምራን ካን መልእክት መጣ። በረዶው ያልታየ ነው፣ ሰውም የአየሩን ሁኔታ ሳያጣራ ጎረፈ፣ የአካባቢው አስተዳደር ሳይዘጋጅ ደረሰበት የሚል ነው። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔም ሳነበው ቅር ብሎኛል። ማጣራት የነበረበት ባለሥልጣኑ ነው። የጃንዋሪ 5ቱ ወረቀት የተጻፈው ለእሱ ነው።

ሆቴሎቹም ተወቀሱ። በዚያ ሌሊት ለአንድ ክፍል እስከ 50,000 ሩፒ የጠየቁ እንደነበሩ ተነግሯል። ዋጋውን መክፈል አቅቶት መኪናው ውስጥ ለማደር የወሰነ ሰው ነበረ። አገሬው በሙሉ ግን እንዲህ አልነበረም። በሩን ከፍቶ የማያውቀውን ቤተሰብ ያስገባ፣ ብርድ ልብስና ትኩስ ምግብ ይዞ መንገድ የወጣም አለ። ከዚያ በኋላ ሙሪን አንሂድባት የሚል ዘመቻ ተነሣ። ያስጠጉትንም ያባረሩትንም እኩል የመታ ዘመቻ ነው፣ ያ ልክ አይመስለኝም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ያገኘው ነገር የሚያሳዝን ነው። የበረዶ መጥረጊያ መኪኖች አልጠፉም፣ ነበሩ። ግን 20ዎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ቆመው ነበር። ሹፌሮቹም በቦታቸው አልነበሩም። ይህ ከላይ ካልኩት ቋጠሮ ጋር ሲታይ ክብደቱ ይገባል። መጥረጊያ መኪና በመንገዱ ርዝመት ከተበተነ እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ መንገድ ይጠብቃል፣ መኪና ሳይሞላ ይጠርጋል። አንድ ቦታ ከተከማቸ ግን የመጀመሪያው መኪና ሲንሸራተት ሁሉም አብረው ይዘጋሉ። 20 ቢሆኑም 100 ቢሆኑም ለውጥ የለውም። ማስጠንቀቂያውም ደርሷቸው ነበር። የሠራበት ሰው ነው የጠፋው። የፑንጃብ ዋና ሚኒስትር ኡስማን ቡዝዳር 15 ባለሥልጣናት ከሥራ እንዲታገዱና እንዲነሡ ወሰኑ።

ከዚያ በኋላ ሙሪ ስትከፈት በቀን የሚገባው መኪና 8,000 ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የማታ መግቢያም ተከለከለ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት። ተራራው አልተቀየረም። የተቀየረው ኬላው የሚዘጋበት ሰዓት ነው። ይህ ሥርዓት ከዚያ ሌሊት ቀድሞ ቢኖር ኖሮ የጨለማው በረዶ ሲጀምር አዲስ የሚገባ መኪና አይኖርም ነበር።

መኪና ውስጥ ያለ ሰው

ባለሥልጣን ሥራውን እስኪሠራ ድረስ እኛም መንገድ ላይ ነን። ኡበር የሚሠራው፣ ጭነት የሚነዳው፣ ሌሊት ፈረቃ ወጥታ የምትመለሰው ነርስ። ስለዚህ ከዚህ ጉዳይ የያዝኩትን ልናገር።

ከተያዛችሁ ከመኪናው አትራቁ። በረዶ ሲነፍስ አሥር እርምጃ ርቆ መኪናውን ያጣ ሰው አለ። ሞተሩን ሌሊቱን ሙሉ አታስነሡ። በሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከእያንዳንዱ ማስነሣት በፊት ወጥታችሁ ማርሚታውን አይታችሁ ጥረጉ። ቢበርዳችሁም፣ ቢሰለቻችሁም። ነፋስ በማይመታበት በኩል መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ግን መስታወት ከፍቻለሁና ደኅና ነኝ አትበሉ፣ ማርሚታው ከተደፈነ የመስታወት ክፍተት ላያድናችሁ ይችላል። በረዶው ከማርሚታው በላይ ከሞላና ልትጠርጉት ካልቻላችሁ ሞተሩን አጥፉት። ብርዱን በብርድ ልብስና በመተቃቀፍ መቋቋም ይቻላል፣ ያንን ጋዝ ግን አይቻልም። ሁሉም ሰው አንድ ላይ አይተኛ። አንዱ ነቅቶ ሌላውን ይጠብቅ፣ በየተራ። ራሱን ያመመው ሰው ካለ፣ በተለይ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ካመመው፣ ጉንፋን ነው አትበሉ። ወዲያው ወደ ውጭ አየር አውጧቸው።

ነዳጁ ከግማሽ በታች ሆኖ ተራራ አይወጣም። ከቤተሰብ ጋር ስትሄዱ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ውሃ፣ የሚበላና የሚለበስ ያዙ። በአገራችን ስንቅ ሳይዝ መንገድ የሚወጣ አልነበረም። ኪሎ ሜትሩ ስላጠረ ብቻ ነው የተውነው።

እኔ ራሴ የቀየርኩት አንድ ነገር አለ። አካፋዬ ድሮ ኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር። የሙሪን ፎቶዎች ሳይ የመኪኖቹ የኋላ ክፍል ሙሉ በሙሉ ተቀብሯል። ያን መክፈቻ ለመክፈት ራሱ አካፋ ያስፈልጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አካፋው ያለው ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ነው። ልጆቼም የት እንዳለ ያውቃሉ።